ደፍተር የሌላት ሃይሉክስ፦ ከአስር ወር በኋላ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሽቅብ እየወጣሁ፣ ከኋላ ስምንት ኩንታል ጤፍ ተጭኖ፣ ከጎኔ እናቴ ተቀምጣ፣ ሞተሩ «ጠቅ» ብሎ ጠፋ። ጭስ የለ፣ ቀድሞ የተሰማ ድምፅ የለ። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደ፤ ፍሬኑን ሁለቴ ስረግጠው ደነደነ። የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ወርጄ ጎማው ስር ድንጋይ እስካደርግ ድረስ እናቴ ዱአ ላይ ነበረች። ያንን ድምጿን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ይህችን ደብል ጋቢና ሃይሉክስ፣ ሞተሯ ፋይቭ ኤል የሚባለው ናፍጣ፣ የገዛኋት ደሴ ላይ ነው። ሊብሬዋ ንጹህ፣ ቦሎዋ የታደሰ። የሰርቪስ ታሪኳን ስጠይቅ ግን አንዲት ወረቀት አልተገኘችም። ደላላው «አብሽር ወንድሜ፣ ሃይሉክስ ደፍተር አይጠየቅም፤ ሞተሩን ስማው!» አለኝ። ሰማሁት፤ እውነትም ያምር ነበር። የታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም ቫልቮቹን ከሞተሩ ጋር እኩል የሚያዞረው ጥርሳም ቀበቶ፣ ዕድሜው ግን በጆሮ አይታወቅም። ሊበጠስ አንድ ቀን ሲቀረውም ድምፁ ያው ነው።

ተጎትታ ጋራዥ ስትገባ መካኒኩ ክዳኑን ከፍቶ የታይሚንግ ቺንጋውን አወጣ። ጀርባው ተሰነጣጥቋል፤ በአውራ ጣቱ ሲያሸው ጥርሶቹ መዳፉ ላይ ተራገፉ። ቴስታታው፣ ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ሲወርድ ከስምንቱ ቫልቮች አራቱ ታጥፈዋል። ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮቹ ባሉበት ይቆማሉ፣ ፒስተኑ ግን ወደ ላይ መምጣቱን አይተውም፤ ይመታቸዋል።

ከዚያ «ልጄ፣ እስቲ ቁልፉን አዙረው» አለኝ። የዘይቱ መብራት በራ፣ የባትሪው በራ። «ቲ-ቤልት» የሚለው፣ የታይሚንግ ቺንጋው መብራት፣ አልበራም። ዳሽቦርዱን ፈቶ ከጀርባው አሳየኝ፤ የአምፖሉ ቦታ ባዶ ነው። ያ መብራት 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ በርቶ የሚቀር፣ ቺንጋው ተቀይሮ የሚጠፋ ነው። አንድ ሰው ቺንጋውን በመቀየር ፈንታ አምፖሉን ነቅሎ ጥሏል። ለቴስታታው ካወጣሁት ከመቶ ሺህ ብር በላይ ይልቅ ይህ ነው ያንገበገበኝ። እናቴ እዚያ ጋቢና ውስጥ ነበረች!

እናንተ መኪና ሻጮችና ደላሎች «ቦሎ አልፋለች» ትሉናላችሁ። ቦሎ ፍሬንና መብራት ያያል እንጂ የቺንጋ ክዳን አይከፍትም። «ቶዮታ አይበላሽም» ትሉናላችሁ። ቺንጋው ይቀየር ብለው መብራት ያበጁለት ቶዮታን የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ወረቀት ከሌላችሁ «ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ አይታወቅም» በሉና ዋጋ ቀንሱ፤ ገዢውም ጭነት ሳይጭን በፊት ይቀይረው። እኔም የገዛኋት ቀን ከነመወጠሪያ ኩሽኔታው ብቀይረው ኖሮ ከከፈልኩት አንድ አስረኛውን አልጨርስም ነበር።

በተረፈ መኪናዋን አልወቅስም። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ታደርሰኛለች፣ በክረምቱ ጭቃም ሐይቅ ድረስ አልከዳችኝም። ሽጣት ያሉኝ ነበሩ፤ አልሸጣትም። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የያዟት ሰዎች ነው። የተቀየረላትን ሁሉ ከነኪሎ ሜትሩ የምጽፍበት ደፍተር አሁን ጋቢናዋ ውስጥ አለ። አምፖሉም ተገጥሟል። ቁልፉን ሳዞር ከሌሎቹ ጋር ይበራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። እናቴ በሩን ከመዝጋቷ በፊት «በራ?» ብላ ትጠይቀኛለች።