ዎርድሪፈረንስ፦ ፈረንሳይኛ ለምንማር የጎንደር ልጆች

ጎንደር ላይ ቱሪስት ለማስጎብኘት ብላችሁ ፈረንሳይኛ የጀመራችሁ ካላችሁ ይሄን ዲክሽነሪ ስልካችሁ ላይ ጫኑት። ነፃ ነው፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ሰዋስውስ በጥናት ይመጣል፣ መከራው ቃል መምረጡ ላይ ነው። ለምሳሌ የፋሲል መዋኛን ለማስረዳት በእንግሊዝኛ «ባዝ» ብላችሁ ስትፈልጉ ሌላው ተርጓሚ አንድ ቃል ወርውሮላችሁ ዝም ይላል፣ ይሄኛው ግን «ቤን» መታጠቡ፣ «ቤኝዋር» ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው የገላ መታጠቢያ ገንዳ መሆኑን ለያይቶ ከነምሳሌው ያሳያችኋል፣ እና ጥምቀት ላይ ያ ሁሉ ወጣት እየዘለለ የሚገባበትን ውሃ ቤኝዋር ብሎ እንግዳ ከማደናገር ያድናል። በጣም የወደድኩት ግን «አንሲየን» ላይ ነው፤ ከስሙ በፊት ሲመጣ የቀድሞ፣ ከስሙ በኋላ ሲመጣ ጥንታዊ፣ በቃ ስለ ግንቡ ቀኑን ሙሉ ለሚያወራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቃሉ ወንዴ ይሁን ሴቴ ይነግራል፣ የግስ እርባታም አለው፣ አነጋገሩንም ታዳምጣላችሁ።

አማርኛ ግን የለውም፣ በእንግሊዝኛ በኩል ዞራችሁ ነው የምትገቡት፣ ስለዚህ እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው ብቻውን አይበቃም፣ አስተማሪ ያስፈልገዋል። ኔትም ስለሚፈልግ ማታውኑ የሚያስፈልጋችሁን ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ ደብተር ላይ ገልብጡት፣ እንግዳ አቁሞ ስልክ መጎርጎር ደስ አይልም።