አርሳት ይሻላል ወይስ ዊንዶውስ አድሚን ሴንተር?

ዶሜን (የመስሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮችና ተጠቃሚዎች በአንድ ላይ የሚተዳደሩበት ኔትወርክ) የምታስተዳድሩ ልጆች ለትንሹም ለትልቁም በሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቨሩ ላይ መግባቱን ተዉት፣ ከራሳችሁ ላፕቶፕ መስራት ይቻላል። አርሳት (RSAT፣ ዊንዶውስ ሰርቨርን ከሩቅ ማስተዳደሪያ የማይክሮሶፍት መሳሪያዎች) ድሮ ለብቻው ዳውንሎድ ይደረግ ነበር፣ ከዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1809 ወዲህ ግን ሴቲንግስ ገብታችሁ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ የምትፈልጉትን ብቻ መርጣችሁ ነው የምትጭኑት፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪው በሉት ግሩፕ ፖሊሲው (ለኮምፒውተሮቹ ሴቲንግ በአንድ ላይ የሚሰጥበት) ዲኤንኤሱ ሁሉም ለየብቻ ስለሆነ ኔትወርክ ለሚንቀራፈፍበት ቢሮ ትልቅ ነገር ነው። ሆም ኤዲሽን ላይ አይሰራም። ደግሞ ኮምፒውተሩ አፕዴት የሚያወርደው ከመስሪያ ቤቱ ደብሊውሰስ (WSUS፣ አፕዴት የሚያከፋፍል ሰርቨር) ከሆነ አልጫንም ሊላችሁ ይችላል፣ ያኔ ኦፕሽናል ፊቸሮችን በቀጥታ ከዊንዶውስ አፕዴት እንዲያወርድ በግሩፕ ፖሊሲ ፍቀዱለት።

አድሚን ሴንተር ነፃ ነው፣ 2018 ላይ ነው የወጣው፣ በብራውዘር ይከፈታል። አንድ ሰርቨር ላይ ከጫናችሁት ሌሎቹ ላይ ኤጀንት (ረዳት ፕሮግራም) ምናምን ሳትጭኑ ዲስኩን፣ ሰርቪሱን፣ ሃይፐር ቪውን (ቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃውን) ከአንድ ቦታ ታያላችሁ፣ ሰርቨር ኮር (ዴስክቶፕ የሌለውን ዊንዶውስ ሰርቨር) ለሚጠቀም ሰውማ በጣም ነው የምመክረው። ዶሜን ኮንትሮለር (የዶሜኑን ሎግኢን የሚቆጣጠረው ሰርቨር) ላይ ግን እንዳትሞክሩት፣ አይጫንም። የግሩፕ ፖሊሲ ማኔጅመንቱንም እዛ ውስጥ አታገኙትም፣ ስለዚህ አድሚን ሴንተር ገባ ብላችሁ አርሳትን እንዳታጠፉት።