ለታጣፊ ቢላ የቆዳ አፎት፦ የቁም፣ የአግድም ወይስ የኪስ?

አፎት ሊገዛ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የቆዳውን ቀለም ነው፣ እሱን ለጊዜው ተዉትና ሁለት ነገር አስቡ፣ ቢላው ምን ያህል ይከብዳል፣ ቀኑንስ የምትውሉት ተቀምጣችሁ ነው ወይስ ቆማችሁ? ቢላችሁ ቀጭንና ክሊፕ ያለው ከሆነ ደግሞ ኪስ ላይ ሰክታችሁ ሂዱ፣ አፎት ምን ያደርግላችኋል። እኔ የማወራው ክሊፕ ስለሌላቸው እንደ ባክ 110፣ ኦፒኔል ቁጥር 8 እና ወፈር ስላሉት ቪክቶሪኖክሶች (ብዙ መሣሪያ የታጨቀባቸው የስዊስ ቢላዎች) ነው።

ባክ 110 ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ቢላ ነው፣ የእጀታው ጫፍና ጫፍ ናስ ስለሆነ 200 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ኪስ ውስጥ ከገባ ሱሪውን እየጎተተ ያውላችኋል። ለእሱ ክዳን ያለው የቁም አፎት ነው የሚሆነው፣ ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል፣ ክዳኑ ጠቅ ብሎ ይዘጋል፣ ብትሮጡም ብትጎነበሱም አይወጣም። መጥፎነቱ መኪና ውስጥ ነው፣ ስትቀመጡ ታችኛው ጫፍ ወንበሩን ይነካና ላይኛው ጎናችሁን ይወጋል፣ የወንበር ቀበቶ ስታስሩማ ጭራሽ። ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ በጣታችሁ ውስጡን ዳስሱት፣ ክዳኑን ጠቅ አድርጎ የሚዘጋው ቁልፍ የብረት ጀርባው ባዶውን ከሆነ ቢላው በገባና በወጣ ቁጥር እየፋቀው እጀታውን ይጭረዋል፣ ጥሩ ሰፊ ግን እዛ ጋ ስስ ቆዳ ይለጥፍበታል።

ሹፌር ከሆናችሁ ወይ ቢሮ የምትውሉ ከሆነ የአግድሙ ይሻላችኋል። በቀበቶው ልክ ተኝቶ ስለሚቀመጥ የሚወጋ ነገር የለውም፣ ጃኬት ስር ሲሆንም ብዙ አያብጥም። ግን ይሄኛው ቀልድ አያውቅም፣ አብዛኛው ክዳን ስለሌለው ቢላውን የሚይዘው የቆዳው ጥብቀት ብቻ ነው፣ ቆዳው ከላላ ቢላው በጎን ሹልክ ብሎ ይሄዳል እናንተም አታውቁም። ሱቅ ውስጥ ቢላችሁን ከትታችሁ የአፎቱን አፍ ወደ ታች ዘቅዝቁና ነቅንቁት፣ ከወደቀ መልሱለት። ደግሞ የቀኝና የግራ እጅ አለው፣ ግራኝ የሆናችሁ ልብ በሉ፣ ሻጩ ለሁሉም ይሆናል ቢላችሁ እንዳትሰሙት።

የኪሱ በጣም ቀላል ነው፣ ላዩ ክፍት የሆነ ከረጢት በሉት። ኦፒኔል ቁጥር 8 ስለቱ 8.5 ሴንቲ፣ ክብደቱ ወደ 50 ግራም ብቻ ነው፣ እጀታው ክብ ስለሆነ ግን ኪስ ውስጥ ይንከባለላል ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ይጋጫል፣ ለእሱ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል ትልቅ ነገር ማሰብ ትርፍ ነው። እንደ ስዊስ ቻምፕ ያለው ቪክቶሪኖክስ ግን ውፍረቱ ብቻ 3 ሴንቲ ያልፋል፣ በኪስ አፎት አትሞክሩት፣ ቀበቶ ላይ።

አሁን ወደ ቆዳው፣ ሰው የሚበላበት እዚህ ጋ ነው። የኛ አገር የበግ ቆዳ ለጓንትና ለጃኬት ስሙ የወጣ ነው፣ ለአፎት ግን በጣም ለስላሳ ነው፣ ቢላውን ስታወጡ አፉ ይጨማደድና መልሳችሁ ለመክተት ሁለት እጅ ይፈልጋል። የምትፈልጉት የከብት ቆዳ ነው፣ 3 ሚሊ ገደማ ውፍረት ያለው፣ ከተገኘም በዕፅዋት የለፋ። ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋው ውሃ ይችላል፣ ቶሎም ይለሰልሳል፣ ቅርጽ ግን አይዝም። በዕፅዋት የለፋው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ቢላው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይከተትበትና በጣት እየተጫነ ጥላ ላይ ሲደርቅ የቢላውን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፣ ከዛ በኋላ ያለ ክዳንም ይይዛል። ፀሐይ ላይ ወይ ምድጃ አጠገብ ካደረቁት ግን ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ለአግድሙ አፎት በክሮም የለፋ ቆዳ የማልመክረው፣ ለቁሙ ክዳን ስላለው ብዙ አያሳስብም።

ስፌቱ በሰም ክር በእጅ በሁለት መርፌ የተሰፋ ቢሆን ይመረጣል፣ አንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ ሌላው ይይዛል፣ የማሽኑ ግን አንዴ ከተፈታ መተርተር ይጀምራል። ቤት ስትገቡ ቢላውን ከአፎቱ አውጡት፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የካርቦን ብረት የሆነው ኦፒኔል ይዝጋል የባክም ናስ አረንጓዴ ያወጣል።

ለንደን ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር፣ ሲከፈት የሚቆለፍ ቢላ ያለ በቂ ምክንያት አደባባይ ይዞ መዞር እዛ ወንጀል ነው፣ ባክም ኦፒኔል ቁጥር 8ም ይቆለፋሉ፣ አፎቱ ምንም ቢያምር አያድናችሁም። ነፃ የሚባለው የማይቆለፍና ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ የማይበልጥ ታጣፊ ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ ቀበቶና ቦርሳ የሚሰፋ ሰው ጋ ማሰፋት ከኦንላይን መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ቀበቶዋችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ማስገቢያው 4 ሴንቲ ተብሎ ቀበቶው 3 ከሆነ አፎቱ ሲንሸራተት ይውላል። ቢላውንም ስጡትና ይደር፣ በፎቶ ብቻ ልስፋልህ የሚል ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።