ጠጥቶ በማሽከርከር ለተከሰሰ ሰው ጎንደር ውስጥ የትኛው የጠበቃ አገልግሎት ይሻላል?

ጎንደር ውስጥ ጠጥቶ በማሽከርከር የተያዘ ሰው ሦስት አማራጭ አለው፦ በግል የሚቀጠር ጠበቃ፣ ፍርድ ቤት የሚመድበው ተከላካይ ጠበቃ እና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ። ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ችሎት ላይ አንደበቱ የሚያምረውን ነው። በዚህ ዓይነት ክስ ግን አንደበት ብዙ አያዋጣም። ጉዳዩ የሚቃናውም የሚበላሸውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ በፖሊስ ጣቢያና በሆስፒታል ወረቀቶች ላይ ስለሆነ አገልግሎቱንም የምንመዝነው በዚያ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። በአደጋው ማንም ካልተጎዳ ብዙውን ጊዜ ጠበቃ መቅጠር አያስፈልግም። ቅጣቱ በትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ የሚታይ ነው፤ ደንቡ ከቁጥር 208/2003 ወዲህ ስለተሻሻለ፣ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን ይሠራ በነበረው ደንብ መቀጣታችሁን አጣሩ። መንጃ ፈቃዱ እንጀራው ለሆነ የባጃጅ፣ የሚኒባስ ወይም የአይሱዙ ሹፌር ግን የአንድ ቀን የሕግ ምክር መግዛት አይከፋም።

ሰው ሲጎዳ ወይም ሲሞት ነገሩ ሌላ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ይደነግጋል። ጎበዝ ጠበቃ ይህን ጊዜ አይጠብቅም፤ በዚያው ሌሊት ወይም በማግስቱ ጣቢያ ይሄድና ደንበኛው ለመርማሪ ፖሊስ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ያነጋግረዋል። «ትንሽ ቀምሼ ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር የላቦራቶሪ ውጤት በሌለበት መዝገብ ላይ የላቦራቶሪውን ቦታ ትይዛለች። ተጠርጣሪው ያለመናገር መብት አለው፤ መብቱን የሚነግረው ሰው ዘግይቶ ከደረሰ ግን ጥቅሙ ያነሰ ነው። ክስ ከተመሠረተ በኋላ የተቀጠረ ጠበቃ ክፍያው ሙሉ ሆኖ በእጁ የሚቀረው ሥራ ግማሽ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው የአልኮል ማስረጃው ነው፤ ደህናና ደካማ ጠበቃም እዚህ ላይ ይለያያሉ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 34 መሠረት መርማሪው አስፈላጊ መስሎ ከታየው ተጠርጣሪው በሐኪም እንዲመረመር ያደርጋል፤ የደም ምርመራም በዚህ ውስጥ ይካተታል። ጠበቃው የውጤቱን ወረቀት ይዞ ቢያንስ እነዚህን ይጠይቅ፦ ደሙ በስንት ሰዓት ተቀዳ? አደጋው በስንት ሰዓት ደረሰ? ክንዱ የተጠረገው በአልኮል ነው ወይስ በሌላ ማጽጃ? ናሙናው ደም እንዳይበላሽ የሚከላከለው ሶዲየም ፍሎራይድ ባለበት፣ ብዙ ጊዜ ግራጫ ክዳን ባለው ቱቦ ነው የተያዘው? ይህ መከላከያ የሌለው ደም ሙቀት ላይ ከዋለ ተሕዋስያን ራሳቸው አልኮል ሊያመርቱበት ይችላሉ። የተለካው ሙሉው ደም ነው ወይስ ሴረሙ፣ ማለትም ደሙ ረግቶ ሲለይ የሚቀረው ፈሳሽ? ሴረም ብዙ ውሃ ስላለው ቁጥሩ ከሙሉ ደም ከአሥር በመቶ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ለገደቡ ቅርብ በሆነ ውጤት ላይ ይህ ልዩነት ሰውን ያስቀጣል ወይም ያድናል።

የመለኪያው ስያሜም በጥንቃቄ ይነበብ። 0.8 ግራም በሊትር፣ 80 ሚሊግራም በ100 ሚሊሊትር እና 0.08 በመቶ አንድ ናቸው፤ ነጥቧ ያለቦታዋ ከወደቀች ውጤቱ በአሥር እጥፍ ይሳሳታል። የትንፋሽ መለኪያ ከሆነ ደግሞ ከመጨረሻው ጉንጭ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ መጠበቁ፣ ሁለት ጊዜ መለካቱና መሣሪያው የተስተካከለበት ቀን በመዝገብ መኖሩ ይጠየቃል። አፍ ውስጥ የቀረ አረቄ ከሳንባ የወጣ መስሎ ይለካልና።

ብዙ መዝገብ ላይ ግን ምንም ልኬት የለም፤ ያለው «ጠረኑ ይሸት ነበር»፣ «ይንገዳገድ ነበር» የሚል ምስክር ነው። እዚህ ላይ መስቀለኛ ጥያቄ ዋጋ አለው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ በምሽት የደረሰ አደጋ ከሆነ ምስክሩ የት ቆሞ ነበር፣ መብራት ነበር ወይ፣ ሹፌሩ ጭንቅላቱን ተመትቶ ይሆን የተንገዳገደው? «አራት ብርሌ ጠጅ ጠጥቷል» የሚል ምስክር ሲመጣም ተከላካዩ ዝም ማለት የለበትም። ቢራ በጠርሙሱ ላይ የአልኮል መጠኑ ተጽፏል፤ የቤት ጠጅና ጠላ ግን ጥንካሬያቸው እንደ ጠማቂዋ ስለሚለያይ ከብርሌ ቁጥር ተነስቶ የደም አልኮል ማስላት አይቻልም።

የክሱ አንቀጽ ራሱ የጠበቃው ትልቁ ሥራ ነው። ሰው ከሞተ፣ በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 2 ሥር የተከሰሰ ሹፌር ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይጠብቀዋል። በንዑስ አንቀጽ 3 ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሦስተኛው ከሚጠቅሳቸው ምክንያቶች አንዱ በአልኮል ራስን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ ማስገባት ነው። ስለዚህ «ጠጥቷል» እና «ራሱን እስከማያውቅ ሰክሯል» በማስረጃ መለያየት አለባቸው፤ ዐቃቤ ሕግ የመጀመሪያውን ብቻ ካስረዳ ጠበቃው አንቀጹ ወደ ንዑስ 2 እንዲወርድ በግልጽ ይከራከር። በነፃ መልቀቅ ብቻ የሚጠይቅ፣ ይህን ተለዋጭ ክርክር የማያቀርብ ጠበቃ ደንበኛውን ይጎዳል። «ሰክሮ ስለነበር አያውቅም» የሚል መከላከያም አይያዝ፤ አንቀጽ 50 ሆን ብሎ ወይም በቸልተኝነት ራሱን ያሰከረን ሰው ከተጠያቂነት አያድነውም።

ዋስትና ላይ ደግሞ ቤተሰብ የማይጠብቀው እንቅፋት አለ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 63 ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ሲሆንና ተጎጂው ሊሞት የሚችል ሲሆን ዋስትናን ይዘጋል። ስለዚህ ቁስለኛው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተኝቶ ከሆነ ጠበቃው ከአደጋ መውጣቱን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ በጊዜ እንዲቀርብ ያስጠይቅ። ይህ ወረቀት ሳይኖር የዋስትና አቤቱታ ማስገባት ቀጠሮ ማቃጠል ነው። ከተከለከለም በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል።

ሽምግልናን በተመለከተ፣ ጥሩ ጠበቃ አይከለክልም፤ ቋንቋውን ግን ራሱ ያያል። ለተጎጂ ቤተሰብ መድረስና ጉዳትን መካስ በአንቀጽ 82 የቅጣት ማቅለያ ነው። የዕርቅ ሰነዱ ላይ «ሰክሮ በመንዳቱ ገድሏል» ተብሎ ከተጻፈ ግን ሰነዱ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ይሆናል። «በደረሰው አደጋ ለተፈጠረው ጉዳት» ይበቃል።

አሁን ወደ ምርጫው። በግል የሚቀጠር ጠበቃ ከሁሉም የሚሻለው በሌሊት ጣቢያ መድረስ ስለሚችል ነው፤ የማይደርስ ከሆነ ለዚህ ክስ የሚከፈለው ገንዘብ አይመጥነውም። ተከላካይ ጠበቃ አቅም ለሌለው ሰው ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው፤ ችሎቱን ያውቃል፣ ነገር ግን ብዙ መዝገብ ስለሚይዝ ቤተሰቡ የሆስፒታሉን ወረቀት፣ የመብራቱን ሁኔታና የምስክር ስም ራሱ አዘጋጅቶ ቢሰጠው ልዩነቱ ትልቅ ነው። የዩኒቨርሲቲው ነፃ ድጋፍ አቅም ለሌላቸው ምክር ለማግኘትና አቤቱታ ለማስጻፍ በጣም ጠቃሚ ነው፤ ለተያዘ ሰው የመጀመሪያ ሌሊት ጥሪ ግን አትመኩበት።

ከመፈረማችሁ በፊት የታደሰ የጥብቅና ፈቃዱን እዩ። ውሉ በጽሑፍ ይሁንና ክፍያው በደረጃ ይለይ፦ ጣቢያና ዋስትና፣ እስከ ብይን፣ እስከ ፍርድና ቅጣት፣ ይግባኝ። «ዳኛውን አውቀዋለሁ» ወይም «በእርግጠኝነት አስለቅቀዋለሁ» የሚለውን በዚያው ተሰናበቱት። ውክልና ሰጥቻለሁ ብሎ ተከሳሹ ከቀጠሮ መቅረትም አይችልም፤ በወንጀል ክስ ራሱ ይቀርባል፣ ከቀረ የዋስትናው ገንዘብም ይወሰዳል።

ስለ ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን፣ ማለትም ስለ አደጋው ቦታ ንድፍ፣ አንድ ነገር እንጨምር፦ ጠበቃችሁ የፍሬን ምልክቱን ርዝመት፣ ተጎጂው የወደቀበትን ነጥብና የመንገዱን ስፋት ከፕላኑ ላይ አንብቦ ካላስረዳችሁ፣ ቦታውን ሄዶ በሜትር እንዲለካው ጠይቁ። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ይግባኝ የማለት ማስታወቂያ በ15 ቀን፣ የይግባኝ ቅሬታው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ ከተወሰደ በ30 ቀን ስለሚገባ፣ የግልባጭ ጥያቄው በፍርዱ ዕለት መዝገብ ቤት ይግባ።