የ«ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎሬቨር» ባለሁለት ዲስክ እትም፦ ስፌቱ ቁልጭ ብሎ ይሰማል፣ ሞኖው ግን የለም

የቢትልሶች «ስትሮቤሪ ፊልድስ ፎሬቨር» ሲሰሙት አንድ ዘፈን ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ተሰፍተው የወጣ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የ«ሳርጀንት ፔፐር» አልበም 50ኛ ዓመት ሲከበር የወጣውን ባለሁለት ዲስክ እትም ለመግዛት ይህ ብቻ በቂ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ዲስክ ላይ ቴክ 7፣ ቴክ 26 (ቴክ ማለት አንድ የቀረጻ ሙከራ ነው) እና የ2015ቱ ስቴሪዮ ሚክስ፣ ማለትም ድምፆቹ ግራና ቀኝ ተከፋፍለው የተቀናበሩበት ቅጂ፣ ተከታትለው ተቀምጠዋል። ሁለቱን ቁራጭ ጨርቅ ለየብቻ አይቶ የተሰፋውን ልብስ ከጎናቸው እንደ መዘርጋት ነው።

የባንዱ አባል ጆን ሌነን ዘፈኑን መጻፍ የጀመረው በ1966 መገባደጃ ላይ ስፔን፣ አልሜሪያ ውስጥ ለፊልም ሥራ በሄደበት ነው። ርዕሱን የወሰደው ባደገበት በሊቨርፑል ዉልተን ሰፈር ካለ የሳልቬሽን አርሚ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ለንደን በሚገኘው የኢኤምአይ ስቱዲዮ ቀረጻው የተጀመረው ኖቬምበር 24 ቀን 1966 ሲሆን፣ ሁለቱ ቅጂዎች የተገጣጠሙት ዲሴምበር 22 ቀን ነው። ለአንድ ዘፈን ይህን ያህል ጊዜ መስጠት በዘመኑ ያልተለመደ ነበር።

በቴክ 7 ይጀምሩ። ቀስ ያለና ለስለስ ያለ ነው። መግቢያው ላይ እንደ ዋሽንት የሚሰማው ፖል ማካርትኒ የተጫወተው ሜሎትሮን ነው። የሜሎትሮን እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር እውነተኛ መሣሪያ የተቀዳበት የቴፕ ክር አለ። ቁልፉ ሲጫን ክሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ 8 ሰከንድ ያህል ከተጫወተ በኋላ ያልቃል፣ ሲለቀቅ ወደ መነሻው ይመለሳል። ያ የሚዋልል፣ ከሕልም ውስጥ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ የሚፈጠረው ቴፑ በሚጎተትበት ጊዜ ፍጥነቱ ፍጹም እኩል ስለማይሆን ነው።

ቴክ 26 ሌላ ዓለም ነው፦ ፈጣን፣ ከፍ ባለ ኪይ (ዜማው በሚያርፍበት የድምፅ ከፍታ) የተቀዳ፣ ድራሙ የሚደበድብ፣ ወደኋላ የሚጫወት ሲምባል ያለበት፤ ከላዩ ደግሞ የባንዱ ፕሮዲውሰር ጆርጅ ማርቲን ያቀናበራቸው 4 ትራምፔትና 3 ቼሎ። ሌነን የአንዱን መጀመሪያና የሌላውን መጨረሻ ወደደና «አጋጥሙልኝ» አለ። ኪያቸውም ፍጥነታቸውም አይገጥምም ነበር። መፍትሔው የተገኘው ከቴፕ ጠባይ ነው፦ ቴፕ ሲዘገይ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ፈጣኑ ቅጂ ከፍ ያለውም እሱ ስለነበረ፣ ሲያዘገዩት ፍጥነቱም ኪዩም በአንድ ጊዜ ወደ ሌላው ቀረበ። ፈጣኑ ዝቅ ባለ ኪይ ተቀድቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ዘዴ ፈጽሞ አይሠራም ነበር። ማርቲንና የድምፅ መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ መቀሱን ያሳረፉት 1 ደቂቃ ላይ፣ ሁለተኛው አዝማች ውስጥ ነው።

ስፌቱን ለመስማት ጆሮ ማዳመጫ ያድርጉና ከ0:50 ጀምሮ ድራሙን ትተው የሌነንን ድምፅ ብቻ ይከተሉ። ድምፁ በድንገት ወፈር፣ ጭጋግ የለበሰ ያህል ይሆናል፤ እዚህ የሚገባው ፈጣኑ ቅጂ ስለተዘገየ ነው። ወዲያው ቼሎዎቹ ይገባሉ። ራስዎ መሞከር ካሻዎት ቴክ 26ን ኦዲዮ ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ ከፍተው፣ ከተጠናቀቀው ዘፈን ጋር እስኪገጥም ድረስ ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሱ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ፒቹን (የድምፁን ከፍታ) ባለበት የሚያቆየውን ምርጫ ሳያጠፉ በመጀመር ነው። ያኔ ፍጥነቱ ይገጥማል፣ ኪዩ ግን በጭራሽ አይገጥምም።

የጆርጅ ማርቲን ልጅ ጃይልስ ማርቲን የሠራው የ2015ቱ ሚክስ ጥርት ያለ ነው። ጆርጅ ሃሪሰን የተጫወተው ስዋርማንዳል፣ ያ የህንድ ባለክር መሣሪያ፣ ቁልቁል ሲንሸራተት እያንዳንዱ ክር ይለያል። ቅሬታችን ግን ትልቅ ነው፦ በባለሁለት ዲስኩ እትም ላይ የሞኖው ሚክስ፣ ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር ተዋህዶ የሚወጣበት ቅጂ፣ የለም። ፌብሩዋሪ 1967 ሰው ሁሉ የገዛው ነጠላ ሸክላ ሞኖ ነበር። ትራምፔቶቹና ድራሙ አንድ ላይ ተጨምቀው የሚመጡበት ኃይል ያለው እዚያ ነው፣ ስቴሪዮው ያሳሳዋል። ሞኖውን የሚፈልግ ባለስድስት ዲስኩን ሳጥን (4ኛው ዲስክ ላይ አለ) ወይም የ«ማጂካል ሚስትሪ ቱር»ን የሞኖ እትም መግዛት አለበት። የመጀመሪያው ሙከራ፣ ቴክ 1ም፣ ከባለሁለት ዲስኩ ቀርቷል፤ እሱ በትልቁ ሳጥንና በ1996ቱ «አንቶሎጂ 2» ላይ ይገኛል። ለ50ኛ ዓመት እትም ይህ ስስት ነው።

ዘፈኑ ከ«ፔኒ ሌን» ጋር በአንድ ሸክላ ወጥቶ በብሪታንያ 2ኛ ደረጃ ላይ ቆመ፤ ያገደው የኤንግልበርት ሃምፐርዲንክ «ሪሊዝ ሚ» ነበር። በአሜሪካ 8ኛ ሆነ። ነጠላ ሆነው ስለወጡ ሁለቱም ከ«ሳርጀንት ፔፐር» ቀሩ፤ ጆርጅ ማርቲን በሙያ ዘመኑ የሠራው ትልቁ ስህተት ይህ እንደሆነ ተናግሯል። በዚህ እትም ከአልበሙ ጋር አንድ ሽፋን ውስጥ መግባታቸው ያንን ስህተት በከፊል ያርመዋል።

በስልክ የምታዳምጡ ከሆነ አንዱን ዘፈን ከሚቀጥለው የሚያደባልቀውን ማስተካከያ አጥፉት። ዘፈኑ ድምፁ ጠፍቶ ያለቀ ከመሰለ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ብዙዎች ፖል ማካርትኒ እንደሞተ የሚናገር መልእክት አድርገው የሰሙት፣ ሌነን ግን «ክራንቤሪ ሶስ» ነው ያለው ማጉረምረም ያለው እዚያች ጭራ ላይ ነው። ማስተካከያው ካልጠፋ ቀጣዩ ዘፈን ይውጠዋል።