የእማዬ የመስሚያ መሣሪያ ከስምንት ወር በኋላ

እማዬ 74 ዓመቷ ነው። መሣሪያውን ማድረግ ከጀመረች ስምንት ወር ሆናት። እንግዛ ወይስ ይቅር እያላችሁ ለምታመነቱ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከዚያ በፊት ለሁሉም ነገር መልሷ «እሺ እሺ» ነበር። «መድኃኒትሽን መቼ ዋጥሽ?» ስላት እንኳን «እሺ» ትለኛለች። ሁላችንም መርሳት ጀመረች ብለን ደነገጥን። ለካ ብዙውን ነገር መጀመሪያውኑ አልሰማችውም።

መሣሪያው ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥ፣ ትንሿ ስፒከር በቀጭን ሽቦ ጆሮ ውስጥ የምትገባ፣ ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት ነው። ማታ ሳጥኑ ውስጥ ታደርገዋለች፣ ጠዋት አውጥታ እስክትተኛ ድረስ ይቆይላታል። ትንንሾቹን ባትሪዎች በየጥቂት ቀኑ መቀየር እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ፈተና ስለሆነ ቻርጁን በጣም ወድጄዋለሁ።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ግን አናዶኛል። አንዴ ኮምፒውተር ላይ ነካክተው «ትለምደዋለች» ብለው ሸኙን። የፌስታል ኮሽታ ሳይቀር ጆሮዋን ይበሳት ነበር። በሦስተኛው ቀን በመሀረብ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ሌላ ባለሙያ ጋ ወሰድኳት። እሷ ቀጭን ቱቦ ጆሮዋ ውስጥ አስገብታ ድምፁ ታምቡሯ አጠገብ ምን ያህል እንደሚደርስ ለካች፣ በዚያው ልክ አስተካከለችው፣ ሦስት ጊዜም አመላለሰችን። መሣሪያው ያሰማ የነበረው የሚያናድድ ፉጨት ደግሞ ጆሮ ውስጥ የሚገባው የጫፉ ጎማ ችግር ነበር። በሰፋ ያለ ሲቀየር ቆመ። ስትገዙ ከመሣሪያው ዓይነት በፊት ስንት ጊዜ እንደሚያስተካክሉላችሁ ጠይቁ።

«የመርሳት በሽታን ይከላከላል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ግን ቆም በሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው አቺቭ የተባለ ጥናት ከ70 እስከ 84 ዓመት የሆናቸውን 977 ሰዎች ለ3 ዓመት ተከታትሏል። ሁሉም በአንድ ላይ ሲታዩ መሣሪያ ያገኙትና የጤና ትምህርት ብቻ የተሰጣቸው በአእምሮ መዳከም ጉልህ ልዩነት አላሳዩም። ቀድሞውኑ ለአእምሮ መዳከም ይበልጥ ተጋላጭ ከነበሩት መካከል ግን መሣሪያ ያገኙት ላይ የታየው መዳከም ካላገኙት በ48 በመቶ ያነሰ ነበር። ለእኔ ይሄ ለመሞከር በቂ ምክንያት ነው፤ ዋስትና ግን አይደለም።

በእማዬ ላይ የማየው ድካሟ መቀነሱን ነው። ድሮ ቃል በቃል እያሳደደች ስለምታዳምጥ፣ ሰው ከተሰበሰበ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተነስታ ትተኛለች። አሁን ቁጭ ብላ ወሬያችንን ታርማለች፣ «እንደዚያ አይደለም የሆነው» ትላለች።

ጫጫታ በበዛበት ቦታ አሁንም ይቸግራታል። አንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ዝም አለባትና ተበላሸ ብለን ስንጨነቅ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ማጣሪያ በኩክ ተደፍና ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አየት አደርጋታለሁ።

ትናንት ከእህቷ ጋር በስልክ ስታወራ ከጎን ክፍል ነበርኩ። ምን እንደምትል አልሰማሁም፤ መጮኹን ትታለች።