ግራን ቱሪዝሞ 7፦ ከወራት በኋላ የትኛውን አሲስት አጠፋሁ፣ የትኛውን እንደበራ ተውኩ

ግራን ቱሪዝሞ 7 የሚባለውን የመኪና ውድድር ጌም በፒኤስ 5 በጆይስቲክ (መሪ የለኝም) መጫወት ከጀመርኩ ብዙ ወር ሆኖኛል። ስለ ግራፊክሱና ስለ መኪኖቹ ብዛት ብዙ ስለተባለ እሱን እተወዋለሁ፣ እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ሴቲንጉ ነው፣ በተለይ ስለ አሲስቶቹ (ጌሙ ስትነዱ የሚያግዛችሁ ነገሮች)፣ ምክንያቱም ጌሙን የሚያስወድደውም የሚያስጠላውም እሱ ነው። ፊፋ ብቻ የለመደ ሰው ሁሉን ነገር አጥፍታችሁ ስትሰጡት ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሳር ውስጥ ገብቶ ጆይስቲኩን ያስቀምጠዋል፣ ሌላው ደግሞ ሁሉን አብርቶ ሲነዳ መኪናው ራሱ እየሄደለት ይሰለቸዋል። ሁለቱም ጌሙን አላዩትም።

የኔ አቋም ይሄ ነው፦ መጀመሪያ መጥፋት ያለበት በየት መንዳት እንዳለባችሁ ለማሳየት አስፋልቱ ላይ የሚሰመረው መስመር ነው፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ስትይዙ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ደግሞ መጨረሻ፣ እሱም ካስፈለገ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። "ጎበዝ ሹፌር ትራክሽን ኮንትሮል (ጎማ በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚያደርገውን) አይጠቀምም" ሲባል ይሰማና ቀድሞ እሱን ዜሮ ያደርጋል፣ መስመሩን ግን እንደበራ ይተወዋል፣ ከዛ ከኩርባ በወጣ ቁጥር የመኪናው ቂጥ ይዞርበታል፣ የት ጋ ፍሬን መያዝ እንዳለበት ደግሞ ገና አልተማረም።

መስመሩ ለምን ይጎዳል ካላችሁ ዓይናችሁን ስለሚወስደው ነው። መስመሩ በርቶ ስትነዱ ከመኪናው አፍንጫ ፊት ያለውን አስፋልት ነው የምታዩት፣ ማየት ያለባችሁ ግን የኩርባውን መውጫ ነው። ደግሞ መስመሩ ከፊታችሁ መኪና እንዳለ አያውቅም፣ ጎማችሁ ማለቁን አያውቅም፣ ዝናብ ሲጀምር መንገዱ የቱ ጋ እንደሚያንሸራትት አይነግራችሁም። ሲጠፋ የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ያስጠላሉ እውነቴን ነው፣ ከዛ ግን ሌላ ነገር ማየት ትጀምራላችሁ፣ የኩርባው ጠርዝ ላይ ያለው ቀይና ነጭ ቀለም፣ የድልድይ ጥላ፣ የርቀት ሰሌዳ። ሌ ማን የሚባለው የፈረንሳይ መወዳደሪያ ላይ ያ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ በሁለት ሺኬን (ፍጥነት ለመቀነስ የተሰራ ጠመዝማዛ) የተቆረጠ ነው፣ ወደ መጀመሪያው ሺኬን በሙሉ ፍጥነት ስትመጡ በዳር በኩል 300፣ 200፣ 100 የሚሉ ሰሌዳዎች አሉ፣ በነሱ ፍሬን መያዝ ስትለምዱ በሚቀጥለው ዙር ትንሽ ዘግይታችሁ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ትንሽ ዘግይታችሁ እየሞከራችሁ ልኩን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። ቀዩ የፍሬን ምልክት እየነገራችሁ ይሄን በፍጹም አትማሩትም። መስመሩን አንድ ቦታ ላይ ብቻ እፈቅዳለሁ፣ ኑርቡርግሪንግ ኖርድሽላይፈ የሚባለው የጀርመን መወዳደሪያ ላይ። ከ20 ኪሎሜትር በላይ ነው፣ ኩርባው ከኮረብታ ጀርባ ተደብቆ ነው የሚመጣው፣ እና መንገዱን እስክትለዩት ጥቂት ዙር አብርታችሁ ብትነዱ ምንም አይደል፣ ከዛ አጥፉት።

ትራክሽን ኮንትሮል ከ0 እስከ 5 ነው። ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች መሬት መያዝ አቅቷቸው ሲሽከረከሩ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፣ በቃ ስራው እሱ ነው። 5 ላይ ካደረጋችሁት ከኩርባ ስትወጡ ሞተሩ ሲታፈን በጆሯችሁ ትሰሙታላችሁ፣ ቤንዚን ረግጣችሁ መኪናው አይሄድም፣ ቀጥታው ላይ የሚያልፏችሁ ለዛ ነው። ጌሙ መጀመሪያ እንድትገዙ የሚያቀርብላችሁ ቶዮታ አኳ፣ ሆንዳ ፊትና ማዝዳ ዴሚዮ በፊት ጎማ የሚሄዱ ጉልበታቸው ትንሽ የሆነ መኪኖች ናቸው፣ እነሱ ላይ 0 ብታደርጉት ልዩነቱም ብዙ አይታወቅም፣ ስለዚህ ማጥፋቱን በነሱ ተለማመዱ። በኋላ ጎማ የሚሄድ ጉልበታም መኪና ላይ ግን እኔ በጆይስቲክ 1 ወይ 2 ነው የማደርገው፣ አላፍርበትም። ቤንዚን የሚሰጥበት የጆይስቲኩ አርቱ ቁልፍ ጉዞው አጭር ነው፣ በእግር እንደሚረገጥ ፔዳል በሚሊሜትር ልክ መስጠት ይከብዳል፣ መሪና ፔዳል ካለው ሰው ጋር ራሳችሁን አታወዳድሩ። ረጅም ውድድር ላይ ደግሞ የኋላ ጎማ በከንቱ ካልተሽከረከረ ቶሎ አያልቅም፣ ይሄ በአንድ ዙር አይታይም፣ ከብዙ ዙር በኋላ ግን ጎማ ለመቀየር ቀድማችሁ የምትገቡት እናንተ አትሆኑም። እየነዳችሁ በአቅጣጫ ቁልፎቹ መቀየር ስለሚቻል ዝናብ ሲጀምር አንድ ወይ ሁለት ጨምሩ፣ ሲደርቅ መልሱት።

ኤቢኤስን እንደበራ ተዉት። የተቆለፈ ጎማ መሪ አይሰማም፣ ኤቢኤስ ፍሬኑን ቶሎ ቶሎ እየለቀቀ እየያዘ ጎማው እንዳይቆለፍ ያደርጋል፣ ስለዚህ ፍሬን ይዛችሁም መታጠፍ ትችላላችሁ። ኦንላይን ላይ ፈጣን የሚባሉት ራሳቸው አብዛኞቹ አብርተው ነው የሚነዱት። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ግን የፒኤስ 5 ጆይስቲክ ላይ ኤቢኤስ ሲሰራ የፍሬኑ ቁልፍ ኤልቱ ጣታችሁ ስር ይንቀጠቀጣል፣ ያን ስትሰሙ ትንሽ ላላ አድርጉት፣ መንቀጥቀጡ ከሚጀምርበት ትንሽ በታች መያዝ ስትችሉ እውነተኛውን የፍሬን ልክ ተማራችሁ ማለት ነው፣ ኤቢኤሱ በርቶ። የመንሸራተት መቆጣጠሪያውንና መሪ መልሶ የሚያስተካክለውን አሲስት ግን ቶሎ አጥፏቸው፣ መኪናው ምን እያደረገ እንደሆነ ይደብቁባችኋል።

አሁን ስለ ውድድሩ ክብደት፣ ማለትም ጌሙ የሚነዳቸው ተፎካካሪዎች ምን ያህል እንደሚከብዱ። ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ ሶስት ብቻ ነው፣ ይሄ አንሶብኛል። የኤፍ 1 ጌሞች ተፎካካሪዎቹን እስከ 110 በሚደርስ ቁጥር እንድትለኩ ያደርጋሉ፣ ለራሳችሁ ልክ ታገኛላችሁ። እዚህ ግን ብዙዎቹ ውድድሮች ላይ ከኋላ ትነሳላችሁ፣ አንደኛ ያለው በጣም ርቆ ሄዷል፣ እና ነገሩ ውድድር ሳይሆን ማሳደድ ይሆናል። እኔን የረዳኝ ከባድ ላይ አድርጎ በመኪናው ማስተካከል ነው፣ ውድድሩ 600 ፒፒ (ጌሙ ለመኪናው አቅም የሚሰጠው ነጥብ) ድረስ ከፈቀደ 600 አልሄድም፣ በ560 አካባቢ እገባለሁ፣ ያን ጊዜ በየኩርባው መሟገት ይመጣል። ሶፊ የሚባለው በ2023 ኅዳር በፒኤስ 5 ላይ የገባው ኤአይ (በኮምፒውተር የሚነዳ ተፎካካሪ) ደግሞ ከሌሎቹ ጋር አይነጻጸርም፣ ቦታውን ይከላከላል፣ ስትሳሳቱ ያልፋችኋል፣ እሱ ባለበት ውድድር መጫወት ከቻላችሁ እሱን ምረጡ።

ፎርዛ ሆራይዘን 5 የሚባለው ሌላው የመኪና ጌም አሲስት ስታጠፉና ክብደቱን ስትጨምሩ ተጨማሪ ብር ይሰጣል። ሀሳቡ ይገባኛል፣ ግን ሰውን ሳይዘጋጅ ለብሩ ሲል እንዲያጠፋ ይገፋዋል፣ እኔ አልወደድኩትም። ግራን ቱሪዝሞ ሳትጋጩ ስትጨርሱ 50 ፐርሰንት ጨምሮ የሚሰጠው ይሻለኛል፣ ማንንም ሳይነኩ መንዳት ነው የሚያስተምረው፣ ኦንላይን ስትገቡም የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

አሲስት ስታጠፉ አደራ አንድ አንድ እያላችሁ፣ በአንድ መኪና በአንድ መንገድ። ፁኩባ የሚባለው የጃፓን መወዳደሪያ ጥሩ ነው፣ ሁለት ኪሎሜትር አካባቢ ስለሆነ ዙሩ ቶሎ ያልቃል፣ የቀየራችሁት ነገር ምን እንዳደረገ ወዲያው ይታያል፣ በተለይ የመጨረሻው ረጅም የቀኝ ኩርባ ላይ። ክብደትና አሲስት በአንድ ቀን ከቀየራችሁ ግን የቱ እንዳከበደባችሁ አታውቁም።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለመግዛት የምታስቡ፣ ኢንተርኔት ከሌለ አብዛኛው የጌሙ ክፍል አይከፈትም፣ ኔት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ይሄን አስቡበት።

ልጅ ያላችሁ ደግሞ ፍሬኑን ለጌሙ መስጠት የሚቻልበት ሴቲንግ አለ፣ መሪውና ቤንዚኑ ብቻ ለልጁ ይቀራል። የእህቴን ልጅ በሱ ነው ያስጀመርኩት፣ በአኳ። ኩርባ ላይ መኪናው ውስጥ በኩል እንዲጠጋ ማድረግ ሲጀምር ፍሬኑንም ሰጠሁት፣ መስመሩን ግን ለሱም አላበራሁለትም።